የፊተኛው ጎማ ሲጮኽ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል የመካኒክ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)





 ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጊዜ ክቡርነት መልካም ቃል አሰምተውናል። እኛ ይዘን የቀረብነው ርእስ ግን እንደ እነርሱ ከፍ ያለ አይደለም፤ በጭቃና በአቧራ ተሸፍኖ ከመሬት ጋር እየታገለ ስለሚኖር ነገር፣ ይኸውም ስለ መኪና የፊት ጎማ ነው። የፊተኛው ጎማ ሲጮኽ ምን ማለቱ እንደ ሆነ፣ የጩኸቱም ምክንያት በምን ዓይነት ምርመራ እንደሚገኝ ለመግለጽ እንወዳለን። ርእሱ ዝቅተኛ ቢመስልም፣ የዐሥራ አንድ ሰው ሕይወት በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ስላየን ለመናገር ደፈርን።

መጀመሪያ የራሳችንን ስሕተት እንናዘዛለን።

በ2016 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ የትምህርት ቤታችን ሚኒባስ ከግራው የፊት ጎማ በኩል ‹‹ሲጥጥጥ›› የሚል ቀጭን ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ስለ ነበር ታናናሾቻችን ‹‹ጥሩንባ ነፊዋ መጣች!›› እያሉ ይስቁ ነበር። እኛም አብረን ሳቅን። ሾፌራችን ግን አልሳቁም። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው ክበባችንን አስጠርተው ‹‹እናንተ መካኒክ ነን ባዮች፣ እስቲ ይህን ነገር እዩልኝ›› አሉን። እኛም በመጠራታችን ኮርተን ባትሪ ይዘን ሄድን።

በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ባትሪ አብርተን ብንመለከት የፍሬኑ ሸራ ታየን፤ ውፍረቱም ደኅና ነበረ። ‹‹ጋሼ፣ ሸራው ገና አላለቀም፤ አቧራ ገብቶበት ይሆናል›› ብለን በሙሉ ልብ መለስን። ከጥቂት ቀንም በኋላ ድምፁ ጭራሹን ጠፋ። አቧራው ለቀቀ ብለን ተደሰትን፤ እርስ በርሳችንም ተመሰጋገንን።

ከበዓሉ በኋላ የመዘምራን ጓዳችን ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ወጣ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ደጋ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዳገት ሲወጣ ፍሬን አዘውትሮ የሚረግጥ የለምና፣ ስንወጣ ከጎማው ምንም ክፉ ነገር አልሰማንም። ሁለት ቀን ዘምረን በሦስተኛው ቀን መመለስ ጀመርን።

ዶርዜ ስንደርስ፣ ትልቁ ቁልቁለት ሳይጀመር፣ እኛ ከኋላ ሆነን እየዘመርን ሳለን ጋሼ እጃቸውን አነሡ። ‹‹ልጆቼ፣ እስቲ ለጥቂት ጊዜ መዝሙሩን አቁሙልኝ›› አሉ። ዝም አልን። ያን ጊዜ ከግራው ጎማ በኩል ሞረድ ብረትን ሲበላ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማን። ከስንት ኪሎ ሜትር ጀምሮ እንደ ነበረ ግን ማናችንም አላወቅንም፤ መዝሙራችን ሸፍኖት ነበርና።

ጋሼ መኪናዪቱን ሜዳ ላይ አቁመው፣ የኋላውን ጎማ ታኮ አስደግፈው፣ በክሪክ አንሥተው የፊቱን ጎማ አወለቁት። ከውጭ በኩል ያለው ሸራ እኛ እንዳልነው ገና ደኅና ነበረ። ከውስጥ በኩል ያለው ሸራ ግን ፈጽሞ አልቆ፣ የተለጠፈበት ብረት ዲስኩን ያርሰው ነበር። ለካ እኛ የተመለከትነው ከውጭ የሚታየውን ብቻ ኖሯል! ጋሼ አልተቆጡንም። ያለቀውን ሸራ ብረት እስኪበርድ ጠብቀው በእጃችን አስያዙንና ‹‹ይህን ይዛችሁ ቁልቁለቱን እዩት›› አሉን። ከሩቅ በታች አባያና ጫሞ ሐይቆች ያብለጨልጩ ነበር። ከእኛ መካከል አንድም የተናገረ አልነበረም።

ያን ሌሊት ዶርዜ አደርን። በማግስቱ አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ ከአርባ ምንጭ በሌላ መኪና መጣልንና ሁላችንም በሰላም ወደየቤታችን ገባን። ያ ያለቀው ብረት ዛሬ በክበባችን ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ይህንንም ንግግር የጻፍነው ከእርሱ ሥር ተቀምጠን ነው።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ከመምህራችን፣ ከመጽሐፍና ከጋሼ የተማርነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ለመሆኑ ብረት ስለ ምን ይጮኻል? ይህን ለማስረዳት ከማሲንቆ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። የማሲንቆ ደጋን በጭራው ላይ ሲሳብ እንዲሁ ተንሸራቶ አያልፍም። ጭራውን ጥቂት ይዞ ይጎትተዋል፤ ጭራው ሲወጠር ያመልጠዋል፤ እንደ ገና ይይዘዋል፤ እንደ ገና ያመልጠዋል። ይህ መያዝና ማምለጥ በፍጥነት ሲደጋገም ጭራው ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ለጆሯችን ዜማ ይሆናል። የፍሬን ሸራም በሚዞረው ዲስክ ላይ ሲጫን እንዲሁ ይዞ ይለቅቃል፤ ለቅቆ ይይዛል። ዲስኩና ሸራው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ሲንቀጠቀጡ ያ ቀጭን ጩኸት ይወጣል። ስለዚህ የጎማ ጩኸት ማለት ያለ ባለሙያ የሚመታ ማሲንቆ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ጩኸቱም ከፍሬኑ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬዴሪክ ላንቸስተር በ1902 እ.ኤ.አ. የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ባስመዘገበ ጊዜ፣ ዲስኩን የሚይዙት ንጣፎች ከመዳብ የተሠሩ ነበሩና ጩኸታቸው ሰውን የሚያስመርር ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሸራ ከአስቤስቶስ ይሠራ ነበር። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባን ክፉኛ የሚጎዳ ሆኖ ስለ ተገኘ ብዙ አገሮች ከልክለውታል፤ ዛሬ ሸራ ከሌላ ልዩ ልዩ ነገር ተቀላቅሎ ይሠራል። የሆነ ሆኖ የማንኛውንም ሸራ ብናኝ በአፍ እፍ ማለት ወይም በአየር ግፊት መበተን አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንመልከት። በብዙዎቹ መኪናዎች የፊት ጎማ ላይ፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ዲስክ አለ። በዲስኩ ግራና ቀኝ ሁለት ሸራዎች ይገኛሉ። እነዚህን እንደ መቆንጠጫ አቅፎ የያዘው ብረት ካሊፐር ይባላል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቧንቧ ተገፍቶ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም የውስጡን ሸራ በዲስኩ ላይ ይጫናል። በብዙ መኪናዎች ፒስተኑ ያለው ከውስጥ በኩል ብቻ ስለ ሆነ፣ የውጭው ሸራ የሚጫነው ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ ሲስበው ነው። እነዚህ ፒኖች ቅባታቸው ደርቆ ወይም ዝገው ከተያዙ ካሊፐሩ መንሸራተቱን ይተዋል። በዚህም ጊዜ የውስጡ ሸራ ብቻውን ሥራውን ሁሉ ተሸክሞ ያልቃል፤ የውጭው ግን እንደ ደኅና ቁጭ ብሎ ተመልካችን ያታልላል። ዶርዜ ላይ ያገኘነው ነገር ይኸው ነበር።

የፊተኛው ፍሬን ከኋለኛው ይልቅ የሚደክምበትም ምክንያት አለ። ፍሬን በተያዘ ጊዜ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል። በሚኒባስ ውስጥ የተሳፈረ ሰው ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ሲወረወር ይህን በገዛ አካሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የማቆሙን ሥራ የሚበዛውን እጅ የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ናቸው።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማወቅ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አንድ ስሌት ሠርተናል። ሦስት ቶን የምትመዝን ሚኒባስ 1,400 ሜትር ስትወርድ የምትለቅቀው ጉልበት 41 ሚልዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ 120 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ሞተሩ በማርሽ ይይዘዋል፤ ከፊሉንም ነፋሱ ይወስደዋል። ነገር ግን ሾፌሩ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ ቢለቅቃት፣ የሞተሩ እርዳታ ይቀርና ሸክሙ በእነዚያ የመዳፍ ስፋት ባላቸው ሸራዎች ላይ ይወድቃል። ሙቀቱም እየበረታ ሲሄድ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ዘይት ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይሆናል፤ አረፋም ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ቁልቁለትን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የሚገባው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ጎማው ሲጮኽ ምን እናድርግ? ብዙ ሰው ወዲያው ዕቃ ለመግዛት ይሮጣል። እኛ የተማርነው ግን መጀመሪያ መጠየቅ እንደሚገባ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት ‹‹የት ነው የሚያምህ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ስታደርግ ይብስብሃል?›› ይላል። መኪናም እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባዋል።

አንደኛው ጥያቄ ‹‹ድምፁ በእውነት ከጎማው ነውን?›› የሚለው ነው። ሕፃኑ ሳሙኤል በሌሊት ድምፅ ሰምቶ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ እንደ ሮጠ በሰንበት ትምህርት ተምረናል። የሰማው እውነተኛ ድምፅ ነበር፤ ነገር ግን የጠራው ማን እንደ ሆነ አላወቀም። በመኪናም ላይ ድምፅ በብረቱ ውስጥ እየሮጠ ሰውን ያሳስታል፤ የግራው ከቀኝ፣ የሞተሩ ከጎማ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ማስጮኽ ነው። ቆሞ ሳለ ያው ጩኸት ከተሰማ ምናልባት የላላ ወይም ያረጀ የሞተር ቺንጊያ ነው እንጂ ጎማው አይደለም። ድምፁ የሚሰማው ሲሄድ ብቻ ከሆነ፣ መስኮቱን ከፍቶ በግንብ አጥር አጠገብ ቀስ ብሎ መንዳት ነው፤ ግንቡ ድምፁን ይመልሰዋልና ከየትኛው ጎን እንደ ሆነ ይለያል።

ሁለተኛው ጥያቄ ‹‹መቼ ይጮኻል?›› የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት ከጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ነገሩ በሸራውና በዲስኩ መካከል ነው፤ ሸራው በሙቀት ደርቆ እንደ መስተዋት ለስልሶ ወይም የሸራው ማቀፊያ ላልቶ ይሆናል። ፍሬን ሳይያዝ እየጮኸ፣ ፍሬን ሲያዝ ግን ዝም የሚል ወይም ድምፁን የሚለውጥ ከሆነ፣ የሸራ ማለቂያ ምልክትን መጠርጠር ይገባል። በብዙ ሸራዎች ላይ ቀጭን የብረት ምላስ ተሠርታለች። ሸራው ሳስቶ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ይህች ምላስ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። እንድትጮኽ ሆና የተሠራች ዘበኛ ናት። የእኛም ሚኒባስ ሁለት ሳምንት የጮኸችው በእርሷ ነበር። ድምፁ የጠፋውም ምላሲቱ ተሰብራ ስለ ወደቀች እንጂ ደዌው ስለ ዳነ አልነበረም። ዘበኛው ሲሞት ዝም ይላል፤ እኛ ግን ዝምታውን እንደ ሰላም ቆጠርነው።

በጠዋት ብቻ፣ ያውም ዝናብ ባደረ ማግስት፣ ለሁለትና ለሦስት ጊዜ ጮኾ የሚተው ከሆነ፣ በዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነውና አያስጨንቅም። በጠጠር መንገድ ከተሄደ በኋላ ድንገት የጀመረ ስል ጩኸት ከሆነ ደግሞ፣ በዲስኩና ከጀርባው ባለው ቀጭን የቆርቆሮ መከለያ መካከል ትንሽ ጠጠር ገብታ ይሆናል። እንዲህ ያለችው ጠጠር አንዳንድ ጊዜ መኪናውን ጥቂት ወደ ኋላ ቢነዱት ትወድቃለች።

ሦስተኛው ጥያቄ ‹‹ድምፁ ምን ዓይነት ነው?›› የሚለው ነው። ቀጭን ሲጥታ አንድ ነገር ነው፤ እንደ ሞረድ የሚፈጭ ሌላ ነገር ነው። የሚፈጭ ድምፅ ብረት ከብረት ጋር መገናኘቱን ስለሚያስረዳ መኪናው ወዲያው ሊቆም ይገባዋል። እንደ ወፍጮ ከታች የሚያጉረመርም፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ ለፍሬን ግን የማይታዘዝ ድምፅ የኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታ ሲጎዳ መሪውን ወደ አንድ ጎን ሲያዞሩት ድምፁ ይበረታል፣ ወደ ሌላው ጎን ሲያዞሩት ይቀንሳል፤ ክብደቱ ከጎን ወደ ጎን ይሄዳልና። ሞተሩ የፊት ጎማዎችን በሚያዞርበት መኪና ደግሞ፣ በመታጠፊያ ላይ ‹‹ቀጭ ቀጭ›› የሚል ከሆነ፣ ኀይልን ወደ ጎማው የሚያደርሰው አንጓ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ቅባቱ ፈስሶ ይሆናል።

አራተኛው የሙቀት ምርመራ ነው። ፍሬን ብዙ ሳይያዝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ መኪናውን አቁሞ የእጅን ጀርባ ወደ ጎማዎቹ ቸርኬ ማስጠጋት ነው። መንካት ግን አይገባም፤ ያቃጥላልና። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም የሚግል ከሆነ፣ ፍሬኑ ሳይለቅ ይዞት ይሄዳል ወይም ኩሽኔታው ታምሟል ማለት ነው። መኪናው በሜዳ መንገድ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነም ይህ የፍሬኑ አለመልቀቅ ምስክር ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው ጎማውን ማንሣት ነው። በዚህ ላይ ታናናሾቻችን በጥንቃቄ እንዲያደምጡን እንለምናለን። መኪናው ሜዳና ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ የኋላ ጎማዎች በሁለት በኩል ታኮ ይደረግባቸው። የጎማው ቡሎኖች ጎማው ገና መሬት ላይ ሳለ ጥቂት ይላሉ። ከዚያ በኋላ በክሪክ ተነሥቶ፣ ከሻሲው በታች ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግባ። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር መግባት ሕይወትን መፈታተን ነው። በድንጋይ ክምር ላይ መታመንም እንዲሁ ነው።

ጎማው ከመሬት ሲነሣ፣ ሳይወልቅ በእጅ ይዞር። ዞሮ ዞሮ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚቧጥጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሞ ይሆናል። ሲዞር እንደ አሸዋ የሚሻክር ከሆነ ኩሽኔታው ነው። ቀጥሎ አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች አድርጎ ጎማውን መነቅነቅ ነው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ የላላ ነገር አለ። ግራና ቀኙን ይዞ መነቅነቅም የመሪውን መገጣጠሚያዎች ይመረምራል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ጎማውን አውልቆ በዐይን ማየት ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ሸራ፣ የውጭውንም የውስጡንም ማየት ግድ ነው። አዲስ ሸራ 10 ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት የሚበልጥ ውፍረት አለው፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ መለወጥ ይገባዋል። የሚለወጠውም በግራና በቀኝ በአንድነት ነው፤ አንዱን ጎን ብቻ መለወጥ መኪናውን ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ያስወረውረዋል። ሁለቱ ሸራዎች እኩል ካላለቁ፣ አዲስ ሸራ ማስገባት ብቻ በቂ አይደለም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ወጥተው፣ ዝገታቸው ተጠርጎ፣ ለፍሬን የተለየ ሙቀት የሚችል ግሪስ ሊቀቡ ይገባል። ይህ ካልሆነ አዲሱም ሸራ እንደ ቀድሞው ያልቃል፤ ባለ መኪናውም ሸራውን ሰነፍ ሠራው እያለ ያማል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ክፉ ልማድ መጥቀስ እንወዳለን። ጩኸቱ ሲያስመርራቸው በሸራውና በዲስኩ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ ጠብ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፣ ጩኸቱ ዝም ይላል። ነገር ግን ሸራው ዲስኩን መያዝም አብሮ ይተዋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ሊጣል እንጂ ሊታጠብ አይገባውም። የሚጮኽ ፍሬን የሚያቆም ፍሬን ሊሆን ይችላል፤ በዘይት ዝም የተሰኘ ፍሬን ግን ገደል ጠሪ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን ሆይ፤

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ስለ ራሳችን አንድ ቃል እንጨምራለን። ባትሪ ይዘን በቸርኬው ቀዳዳ ያየንበት ቀን፣ የጎደለን መሣሪያ አልነበረም፤ መፍቻውም ክሪኩም አጠገባችን ነበረ። ጎማውን ለማውለቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም ነበር። የጎደለን ‹‹ገና አላወቅንም›› ለማለት የሚያስችል ትሕትና ነው። ጋሼ የጠየቁን ሰዎች አዋቂ ስላደረጉን፣ አዋቂ መስለን ለመታየት ቸኮልን። ግማሹን አይተን ስለ ሙሉው መሰከርን። እርሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት ሲነዱ ኖረው እንኳ፣ ‹‹ተማሪዎቹ ደኅና ነው ብለዋል›› ብለው በጆሯቸው ላይ አልፈረዱም። መዝሙር አስቁመው ሰሙ።

አባቶቻችን ‹‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው›› ይላሉ። ሁልጊዜ የሚሰማ ድምፅ በመጨረሻ እንዳልተሰማ ይሆናል። በየዕለቱ በአንድ መኪና የሚሄድ ሰው የመኪናውን ጩኸት ይለምድና እንግዳ ሰው ‹‹ይህ ምንድን ነው?›› እስኪለው ድረስ ይረሳዋል። ስለዚህ የሾፌርነት ዕድል የሚያጋጥማችሁ ታናናሾቻችን ጆሯችሁን በየጊዜው እንግዳ አድርጉት። ተሳፋሪም የምትሆኑ፣ ያልተለመደ ድምፅ ስትሰሙ ለሾፌሩ በአክብሮት ንገሩ እንጂ ‹‹እኔ ምን አገባኝ›› አትበሉ። ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የተባለው ለእሳት ብቻ አይደለም፤ ለሸራም ይሆናል። በጊዜው የሚለወጥ ሸራ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ካለፈበት ግን ዲስኩን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያም ካለፈ የሚይዘው የሰው ሕይወት ነው።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንሄዳለን። ክበቡንና መሣሪያዎቹን ለታናናሾቻችን እናስረክባለን። ያ ያለቀው የሸራ ብረት ግን ከግድግዳው እንዳይወርድ አደራ እንላለን። ከሥሩ የጻፍነው ቃል ‹‹የውስጡንም እዩ›› የሚል ነው። በአዲሱ ዓመት ወደ ክበቡ የሚገባ ተማሪ ‹‹ይህ ብረት ምንድን ነው?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ የእኛን ስሕተት ሳትደብቁ ንገሩት።

 ልጆቹን ሁሉ እንደ ገዛ ልጆቻቸው ጠብቀው ለሚያመላልሱን ሾፌራችን፣ ለጋሼ፣ ረጅም ዕድሜና ጤና እንመኛለን። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።